ፒያኖው ቤት ሲቀይር ትንፋሽ አጠረው፤ ከየት እንጀምር?

ጥያቄው ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ወደ አውሮራ ኮሎራዶ ከተዛወርን አምስት ሳምንት ሆነን። አንድ በዕድሜ የገፉ ጎረቤታችን የሰጡን፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የተሠራ፣ በወረቀት ጥቅል ራሱን የሚጫወት ቁም ፒያኖ አለን። እዚያ ሳለን ልጆቹ ፔዳሉን እየረገጡ ደህና ይጫወት ነበር። እዚህ ከደረሰ ወዲህ ግን ፔዳሉን ስረግጠው ባዶ ነው። ወረቀቱ ትንሽ ይንፏቀቅና ይቆማል። ወደ አሥር የሚጠጉ ድምፆች ጭራሽ ጠፍተዋል፤ አንዱ ደግሞ ገና መርገጥ ስጀምር በራሱ ይመታና ተጭኖ ይቀራል። በእጅ ሲጫወቱት ሁሉም ቁልፍ ይሠራል፣ ቅኝቱ ግን ተበላሽቷል። ፒያኖ ቃኚ ብንጠራ ‹የአየሩን ክፍል እኔ አልነካም› አለን። ባለቤቴ ሲሊከን ገዝቶ የሚያፈሰውን ሁሉ ልድፈነው እያለ ነው። ከፍታው ይሆን? ወይስ አጓጓዦቹ ሰብረውት ነው? አዲስ ጥቅል ብንገዛስ ይገጥመዋል?»

እህቴ፣ እንኳን በሰላም ገባችሁ። ከሁሉ በፊት ሲሊከኑ ሳይከፈት ወደ ሱቁ ይመለስ። ባለቤትሽ ክፉ አላሰበም፤ አየር ሲያፈስ የሰማ ሰው መድፈን ቢያምረው አይገርምም። ይህ ዕቃ ግን ሲጀመርም ተፈትቶ እንዲጠገን ታስቦ የተሠራ ነው። ጨርቁም ቆዳውም የተጣበቀው ከከብት ቆዳ ተቀቅሎ በሚወጣው ጥንታዊ ሙጫ ነው። ያ ሙጫ ሙቀትና እርጥበት ሲነካው ይለቃል፤ እንጨቱ ሳይጎዳ አሮጌው ጨርቅ ይነሳል፣ አዲሱ ይለጠፋል። ሲሊከን ግን እንጨቱ ውስጥ ይሰርጋል፤ ከዚያ ወዲያ ምንም ሙጫ ቢቀቡት አይዝም። አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ውስጥ እንዲህ የተደፈነ ፒያኖ ገጥሞኝ ያውቃል። በአንድ ቅዳሜ የሚያልቀው ሥራ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ሲሊከኑ የገባበትን የእንጨት ፊት በስለት እየላጥኩ ማንሳት ነበረብኝ። ነጩ የአናጢ ሙጫም፣ በጠመንጃ መሰል ዕቃ የሚረጨው የፕላስቲክ ሙጫም፣ ናስትሮም ከዚሁ ይቆጠራሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ይህ ሁሉ ምልክት ከጉዞው በኋላ ባንድ ጊዜ ከመጣ፣ አሥር ቦታ ተሰበረ ብዬ አላምንም። አንድ ወይም ሁለት ትልቅ ማፍሰሻ አለ፤ ቀሪዎቹ ድሮም የነበሩ ትንንሽ ድካሞች ናቸው። በፔዳሉ የሚሠራው ወናፍ ጠንካራ ስበት፣ ማለትም አየር የመምጠጥ ኃይል፣ ሲሰጥ ያ ድካም ሳይታወቅ ያልፍ ነበር፤ ስበቱ ሲቀንስ ሁሉም አደባባይ ወጣ። ስለዚህ ፍለጋው ከታች ከፔዳሉ ተጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከትልቁ ወደ ትንሹ። የጠፉትን አሥር ድምፆች ከነገ ጀምረሽ አንድ በአንድ ብታሳድጃቸው ድካም ብቻ ነው የሚተርፍሽ።

አሠራሩን ካወቅሽ ፍለጋው ይቀላል። ፔዳሎቹ የሚያንቀሳቅሱት ወናፍ ነው። የአንጥረኛ ወናፍ ወደ ፍሙ ይነፋል፤ ይህኛው ይስባል። ከፔዳሎቹ ጀርባ ያሉት ወናፎች ተራ በተራ ከማሽኑ ውስጥ አየር እየመጠጡ ያወጣሉ። አጠገባቸው ያለው፣ በሞላ የተወጠረ ማጠራቀሚያ ወናፍ ደግሞ በአንዱ እርግጫና በሚቀጥለው መሀል ስበቱ እንዳይቋረጥ ይይዛል። ስበቱ በወፍራም ጎማ ወደ ላይኛው ክፍል ይወጣል፤ እዚያ ለየድምፁ አንድ አንድ ትንሽ ወናፍ ተደርድሯል። ወረቀቱ የሚንሸራተትበት የነሐስ ዘንግ 88 ቀዳዳዎች አሉት። የወረቀቱ ቀዳዳ ከዘንጉ ቀዳዳ ጋር ሲገጥም የክፍሉ አየር በቀጭን ቱቦ ይገባና ሳንቲም የምታክል ስስ ቆዳ ያነሳል። ቆዳዋ ቫልቭ ትገፋለች፤ ቫልቩ ትንሹን ወናፍ ለስበቱ ይከፍተዋል፤ ወናፉ እጥፍ ይልና መዶሻውን ያስመታዋል። ወረቀቱ ቀዳዳውን መልሶ ሲዘጋ ደግሞ፣ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ማስተንፈሻ በቱቦው የቀረውን አየር ታስወጣና ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ያንቺን ፒያኖ ያሠራው ይኸው ነው፤ ኤሌክትሪክ የለበትም፣ የተደበቀ ነገር የለበትም።

ከፍታውን እንተወው። ማሽኑ የሚሠራው በውስጥና በውጭ አየር መካከል ባለው ልዩነት ነው። ለስላሳ ጨዋታ በቀጭን ቱቦ ውስጥ ውሃን 25 ሳንቲ ሜትር የሚያነሳ ስበት ይበቃዋል፤ ጠንክረሽ ስትረግጪ እስከ አንድ ሜትር ሊደርስ ይችላል። የሜሪላንድ አየር ውሃን 10 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይገፋል፤ የአውሮራው 8 ሜትር ተኩል ያህል። ከስምንት ሜትር ተኩል ላይ አንድ ሜትር መቀነስ ለጤነኛ ወናፍ ከባድ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ከአውሮራ በ700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ፒያኖሽ እዚያ ቢሄድም ይጫወታል።

ድርቀቱ ግን እውነተኛ ተጠርጣሪ ነው። ከበሮ የያዘ ሰው ይህን ከእኔ የበለጠ ያውቀዋል፦ ክረምት ላይ ቆዳው ሲላላ ፀሐይ ወይም እሳት ዳር ያደርጉታል፣ ሲደርቅ ይወጠራል። የሜሪላንድን እርጥብ አየር ለብዙ ዘመን ጠጥቶ የኖረ እንጨት ኮሎራዶ ሲገባ ይኮማተራል። እንጨቱ ሲኮማተር በብሎን የተያያዙት ሰሌዳዎች ይላላሉ፤ በመካከላቸው ያለው የቆዳ ጋስኬት ፀጉር የሚያሳልፍ ክፍተት ይሰጣል። አንድ ቦታ ላይ ይህ ምንም አይደለም። በላይኛው ክፍል ዙሪያ ሁሉ ሲሆን ግን፣ የልጆችሽ እግር ከሚስበው አየር የሚበልጠው በስንጥቁ ይገባል።

አጓጓዦቹም ቢሆኑ ፒያኖውን ሳያጋድሉት ደረጃ አያወጡትም። ሲጋደል ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የደረቀው ጎማ ይንቀሳቀሳል። ያረጀ ጎማ እንደ ማካሮኒ ነው፤ ካልነኩት ቀጥ ብሎ ይኖራል፣ ሲያጎብጡት ቀጭ ይላል። ስለዚህ «ሰበሩት» ብለሽ ለጠብ ከመነሳትሽ በፊት ጎማዎቹን እይ።

እንክፈተው እንግዲህ። ከጉልበትሽ ፊት ያለው ሰፊ ሰሌዳ ከላይ ጠርዙ ላይ፣ ከቁልፎቹ ሥር፣ በብረት ሞላ ወይም በእንጨት መቆለፊያ ይያዛል። እሱን ገፋ አድርገሽ ሰሌዳውን ወደ ራስሽ ስታጋድይው ይወጣል፤ ለሁለት ሆናችሁ ያዙት። ማንኛውንም ነገር ከመንካትሽ በፊት በስልክሽ ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሺ። የትኛው ጎማ የትኛው አፍ ላይ ነበር የሚለውን ከሁለት ቀን በኋላ ማንም አያስታውስም። ከዚያ ባትሪ ይዘሽ ወፍራሞቹን ጎማዎች አንድ በአንድ ተከተያቸው፦ ወደ ላይኛው ክፍል የሚወጣው፣ ወረቀቱን ወደሚያሽከረክረው የአየር ሞተር የሚሄደው፣ ድምፅ ማራዘሚያውን ፔዳል ወደሚያነሳው ወናፍ የሚሄደው። የወለቀ ካለ ወዲያው ታያለሽ።

የተሰነጠቀ ግን በዓይን አይታይም፤ በጣት ነው የሚገኘው። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ቤት ልክ ያንቺን የመሰለ ችግር አየሁ። ወደ ላይ የሚወጣው ጎማ ከፊት ሲያዩት ጥቁር፣ ልሙጥ፣ ደህና ነበር። ጣቴን ከኋላው፣ ከግድግዳው በኩል፣ ጎማው በሚታጠፍበት ላይ ሳሳልፍ ጥፍሬ ገባ። ከንፈር የመሰለ ስንጥቅ ነው፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ይከፈታል፣ ሲለቀቅ ይገጥማል። ጣቴን እዚያው እንደያዝኩ ልጇ አንድ ጊዜ ረገጠችው፤ ቆዳዬን ወደ ውስጥ ጎተተው። አንድ ክንድ የማይሞላ ጎማ ቀየርኩ፤ ሌላ ምንም አልነካሁም። ጥቅሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫወተ፤ እናትየዋ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ጎማ ስትገዢ የምትለኪው የሚገባበትን የቧንቧ አፍ የውጭ ስፋት ነው፤ ግድግዳው ወፈር ያለ፣ ሲመጠጥ የማይጨፈለቅ ይሁን።

ጎማዎቹ ደህና ከሆኑ የሚቀጥለው ፈተና ምንም መፍታት አይጠይቅም። ወረቀቱ ታችኛው መጠቅለያ ላይ ትንሽ ተጠቅልሎ እንዳለ ማርሹን ጥቅሉን ወደ ኋላ ወደሚመልሰው ቦታ፣ ወደ መመለሻው፣ አድርጊውና እርገጪ። በመመለሻ ጊዜ ወደ ላይኛው ክፍል የሚሄደው ስበት ይዘጋል፤ ወናፉ የሚያሠራው የአየር ሞተሩን ብቻ ነው። ወረቀቱ በኃይል ተፈትልኮ ከተመለሰ የታችኛው ክፍል ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ላይ ነው። በመመለስም ጊዜ እየተንፏቀቀ ከሆነ ችግሩ ታች ወናፉ ላይ ወይም ሞተሩ ራሱ ላይ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ፦ ማርሹን የሚያገናኙት ቀጫጭን ዘንጎች በጉዞ ሊጣመሙ ወይም ከመያዣቸው ሊወጡ ይችላሉ። ያኔ ማርሹ «ተጫወት» ላይ ነው ብለሽ እያመንሽ፣ ውስጥ ያለው መዝጊያ በግማሽ እንደተዘጋ ይቀራል፤ ላይኛው ክፍልም ስበት ይራባል። እጀታውን እያንቀሳቀስሽ መዝጊያው ሙሉ በሙሉ መሄዱን በዓይንሽ አረጋግጪ።

ታችኛው ክፍል ከተጠረጠረ በመዳፍሽ ፈትኚው። ወደ ላይ የሚወጣውን ወፍራም ጎማ ከታችኛው አፉ አውልቂና አፉን በመዳፍሽ ግጠሚ፤ የሞተሩንም ጎማ እንዲሁ አንድ ልጅ ይያዝልሽ። ሌላ ሰው ቀስ ብሎ ይርገጥ። ጤነኛ ወናፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲረገጥ መዳፍሽን እንደ ጥጃ ይጠባዋል፣ ፔዳሉም እግር አልቀበል ብሎ ይጠነክራል። ርግጫው ቆሞም ማጠራቀሚያው ወዲያው ቧ ብሎ አይከፈትም፤ የተወሰኑ ሴኮንዶች ይይዛል። ፔዳሉ አሁንም ባዶ ከሆነ ወናፉ ራሱ እያፈሰሰ ነው። ጨርቁ በሚታጠፍበት ጥግ ጥጉን እይ፤ ቀድሞ የሚቀደደው እዚያ ነው።

የሚያፈስበትን ቦታ የማገኘው በጆሮዬ ነው። አንድ ሜትር ቀጭን የጎማ ቱቦ እይዛለሁ፤ አንዱ ጫፍ ጆሮዬ ላይ፣ ሌላው ጫፍ በመጋጠሚያዎቹ ዙሪያ ቀስ እያለ ይዞራል። ሰው እየረገጠ ሳለ ማፍሰሻው ጋ ስትደርሺ ድምፁ ድንገት ይጎላል፤ አንድ ሰው ጆሮሽ ውስጥ «ሽሽሽ» ያለሽ ይመስልሻል። እዚያ ላይ በእርሳስ ትንሽ ምልክት አድርጊ። ለፈተና ያህል ብቻ፣ በቀላሉ የሚላቀቀውን የቀለም ቀቢዎች ወረቀት ፕላስተር ልትለጥፊበት ትችያለሽ፤ ልዩነቱን ከሰማሽ በኋላ በዚያው ቀን ይነሳ።

ብዙ ሰው ፔዳሉ ከባድ ሥራ ይመስለዋል፤ ያረጀ ዕቃ ስለሆነ ቢያደክም የግድ ነው ብሎ ይቀበለዋል። ይህ ስህተት ነው። የቺካጎው ጉልብራንሰን ፋብሪካ በዘመኑ የንግድ ምልክቱ ያደረገው እየዳኸ የመጣ ሕፃን የፒያኖውን ፔዳል ሲጫን የሚያሳይ ሥዕል ነበር። ማስታወቂያ ነው፣ ግን ሐሳቡ ትክክል ነው፦ ያልታመመ ፒያኖ ለልጅ እግር ይታዘዛል። አዋቂ ሰው እየተላበ ከረገጠ ማፍሰሻ አለ።

ጥፋቱ ላይኛው ክፍል ከሆነ፣ እኔ በዚህ ድርቀት ውስጥ ገንዘቤን የማስይዘው በብሎኖቹ ላይ ነው። ላይኛው ክፍል ረጃጅም ሰሌዳዎች በብዙ ብሎን ተያይዘው የተሠራ ሳጥን ነው። ልኩ የሆነ ካቻቢቴ ያዢ፤ በእጅ እንጂ በኤሌክትሪክ መፍቻ አይሁን። የመቶ ዓመት እንጨት ሲያልፉበት ጥርሱ ይበላል፣ ብሎኑም ባዶ ይዞራል። የመኪና ጎማ እንደሚታሰረው በመስቀል እየሄድሽ እያንዳንዱን ትንሽ ትንሽ አጥብቂ፤ ጠንከር ሲል ተዪው። አንዳንዱ ብሎን ሙሉ ዙር ሳይጠብቅ አይቆምም፤ ያኔ እንጨቱ ምን ያህል እንደተኮማተረ ትረጃለሽ። ከጨረስሽ በኋላ እንደገና የመመለሻውንና የመጫወቻውን ፈተና ድገሚ። ከዚህ በኋላ ብቻ ወደ ትንንሾቹ ነገሮች እንሄዳለን።

የተንፏቀቀው ወረቀት ብዙ ጊዜ ስበቱ ሲስተካከል በራሱ ይድናል። ካልዳነ ፍጥነቱን ለኪው። የፍጥነት ጠቋሚው ላይ ያለው ቁጥር ለአሥር ሲካፈል ወረቀቱ በደቂቃ የሚሄደውን በጫማ ይነግርሻል፤ 70 ላይ 7 ጫማ፣ ማለትም ሁለት ሜትር ከ13 ሳንቲም ያህል መሄድ አለበት። ወረቀቱ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርገሽ በሰዓት ያዢው። ዘገምተኛ ነገር ግን እኩል የሚሄድ ከሆነ ማስተካከያው ነው። አንዴ ፈጠን አንዴ ዘገም የሚል ከሆነ ከሞተሩ ትንንሽ ወናፎች አንዱ ያፈሳል፣ ወይም አየሩን የሚያከፋፍለው ተንሸራታች እንጨት በድርቀቱ ተጣሟል። ተንሸራታቹ ላይ ዘይትም ግራሶም እንዳይነካ፤ እንጨቱ ይጠጣውና አቧራ ይሰበስባል። የሚፈቀደው የግራፋይት ዱቄት ብቻ ነው። ካቴናውንና የላይኛውን ጥቅል የሚይዘውን ፍሬንም እይ፤ ፍሬኑ ከመጠን በላይ ከያዘ ጤነኛ ሞተርም ይደክማል።

አሥሩ የጠፉ ድምፆች፦ በእጅ ሲመቱ ስለሚሠሩ ከመዶሻና ከገመድ ነፃ ናቸው፤ ነገሩ የአየር ነው። መጀመሪያ የትኞቹ እንደሆኑ በወረቀት ጻፊ። ጎን ለጎን የተሰለፉ ከሆኑ አንድ ምክንያት አላቸው፤ የቱቦ እሽጉ በጉዞ ታጥፏል ወይም ተጨፍልቋል። እዚህም እዚያም የተበተኑ ከሆኑ የዘንጉ ቀዳዳ በወረቀት ብናኝ ተደፍኗል፣ ወይም ቫልቩ ተጣብቋል። አሮጌ ጥቅል ሁልጊዜ ብናኝ ያራግፋል፤ ጉዞው ደግሞ የተኛውን ሁሉ ቀስቅሶታል። ለዚህ ሥራ የተሠራ ትንሽ የእጅ ፓምፕ አለ፤ አፉ የነሐሱ ዘንግ ላይ ይገጥምና ብናኙን ወደ ውጭ ይስባል። በአፍሽ አትንፊበት፤ ምራቅና እርጥበት ወደ ስሱ ቆዳ ይሄዳል። የመኪና ጎማ የሚነፋ መጭመቂያማ ጨርሶ አይቅረብ፤ አንድ ጊዜ ተጭኖ ሳንቲም የምታክለውን ቆዳ ይቀዳታል፤ ያኔ አሥር የነበረው ችግር ሰማንያ ይሆናል።

በራሱ የሚመታው አንዱ ድምፅ የተገላቢጦሽ ነው፦ አየር የማይገባበት ቦታ ገብቶለታል። ወረቀቱን አውጪና የዚያን ድምፅ ቀዳዳ በጣትሽ ወይም በፕላስተር ዝጊው፤ ሌሎቹንም ፕላስተር አልብሻቸው፣ ከዚያ እርገጪ። ዝም ካለ ማሽኑ ደህና ነው፤ ወረቀቱ ከመስመሩ ወጥቶ የጎረቤቱን ቀዳዳ እያስነበበ ነበር። መምታቱን ከቀጠለ፣ ቱቦው ጎማ ከሆነ ወደ ላይኛው ክፍል ከሚገባበት አጠገብ በሁለት ጣትሽ ቆንጥጪው። ስትቆነጥጪው ካቆመ ቱቦው ተሰንጥቋል ወይም ከዘንጉ ጀርባ ወልቋል፤ ርካሹ ጥገና ይህ ነው። ቆንጥጠሽውም ካላቆመ ቫልቩ ሥር ቆሻሻ ገብቷል ወይም ማስተንፈሻዋ ተደፍናለች፤ ይህ መፍታት ይፈልጋል። ቱቦዎችሽ እንደ ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ፒያኖዎች የእርሳስ ብረት ከሆኑ አትቆንጥጫቸው፣ ተጨፍልቀው ይቀራሉ፤ ከነካሻቸውም እጅሽን ታጠቢ፣ ልጆቹም አይንኩ።

ከመስመር ስለ መውጣት ካነሳሁ፣ ወረቀቱም እንደ እንጨቱ ነው፤ በእርጥበት ይሰፋል፣ በድርቀት ይጠባል። ሜሪላንድ ላይ ከቀዳዳዎቹ ጋር በትክክል ይገጥም የነበረ ጥቅል አውሮራ ላይ ትንሽ ሊሸሽ ይችላል። ጥቅሎቹን ከሳጥናቸው ጋር ፒያኖው ባለበት ክፍል አስቀምጫቸው እንጂ ጋራዥ ውስጥ አይዋሉ። አዲስ ስለመግዛት ለጠየቅሽው፣ አዎ ይገጥማል፣ የነሐሱ ዘንግ 88 ቀዳዳ ካለው። እ.ኤ.አ. በ1908 የአሜሪካ አምራቾች ቡፋሎ ኒውዮርክ ላይ ተሰብስበው ስፋቱን 11 ኢንች ከሩብ፣ የቀዳዳውን አቀማመጥ በአንድ ኢንች 9 አድርገው ተስማሙ። ከዚያ በፊት የአንዱ ፋብሪካ ጥቅል ብዙ ጊዜ ለሌላው አይሆንም ነበር፤ ባለ 65 ቀዳዳው ብዙ ነበር። ያንቺው በ1920ዎቹ ስለተሠራ በስምምነቱ ውስጥ ነው፤ ዛሬ የሚታተመውም ጥቅል በዚያው ልክ ነው። ነገር ግን አዲስ ጥቅል ለበሽታው መድኃኒት እንዲሆንሽ ብለሽ አትግዢ።

አሁን ከባዱን ልናገር። የትልቁን ወናፍ ጨርቅ እጥፋት በሁለት ጣትሽ ቀስ አድርገሽ እሺው። እንደ ደረቅ ቅጠል ከተንኮሻኮሸ፣ ወይም ጥቁር ዱቄት ጣትሽ ላይ ከቀረ፣ ጨርቁ ዕድሜውን ጨርሷል፤ ጉዞው ቀኑን አቀረበው እንጂ አላመጣውም። ያኔ ቁራጭ መለጠፍ ጥቅም የለውም፤ ዛሬ እዚህ ትለጥፊያለሽ፣ በሚቀጥለው ወር ከጎኑ ይቀደዳል። ትልልቆቹ ወናፎች በጎማ በተለበደ አዲስ ጨርቅና በቆዳ ሙጫ ይልበሱ። ሙጫው በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሞቃል፣ መፍላት የለበትም፤ ከፈላ ኃይሉ ይጠፋል። ባለቤትሽ እጁ ለሥራ የሚፈጥን ሰው ከመሰለኝ፣ የታችኛውን ክፍል ትልልቅ ወናፎች በትዕግሥት ሊሠራቸው ይችላል፤ ስፋት ያለው፣ ቀጥ ያለ ሥራ ነው። ላይኛው ክፍል ያሉትን ሰማንያ ምናምን ትንንሽ ወናፎች፣ ቆዳዎችና ቫልቮች ግን ለመጀመሪያ ልምምድ አልመክርም። የሚሠሩም ከሆነ ሁሉም አንድ ላይ ይሠሩ፤ እኩል ያረጁ ናቸውና።

ባለሙያ ስትፈልጊ «ፒያኖ ትቃኛለህ?» ብለሽ አትጠይቂ። «ወናፍ ታለብሳለህ? በምን ሙጫ?» ብለሽ ጠይቂ። በቆዳ ሙጫ ካለሽ ቀጥዪ። ያ ቃኚ አልነካም ማለቱ ደግሞ የሚያስመሰግነው ነው፤ የማያውቁትን ከመንካት የበለጠ ጉዳት የለም። አንድ ነገር አዘጋጂለት፦ ላይኛው ክፍል ላይ የተለጠፈ ወይም የታተመ ስም ካለ ፎቶ አንሺ። በፒያኖው ክዳን ላይ የተጻፈው ስም የፒያኖ ሠሪው ነው፤ የአየሩን ክፍል ብዙ ጊዜ ሌላ ፋብሪካ ነው የሠራው፤ መፍቻ ዘዴው የሚለየው በእሱ ነው።

ቅኝቱ መጨረሻ ነው። ፒያኖው ውስጥ 230 ያህል ገመዶች አሉ፤ አንድ ላይ ከ15 ቶን በላይ ይስባሉ። ያንን የተሸከመው ሰሌዳ እየደረቀ እያለ ብታስቃኚው ገንዘብሽ በሁለት ወር ውስጥ ይተናል። ሃያ ዶላር የማይሞላ የእርጥበት መለኪያ ገዝተሽ ፒያኖው አጠገብ አስቀምጪ፤ ከ40 እስከ 45 በመቶ እንዲሆን እርጥበት የሚሰጥ ማሽን ክፍሉ ውስጥ ይሥራ። ከማሞቂያው አየር መውጫና ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት አርቂው። መለኪያው ሦስት አራት ሳምንት ሳይዋዥቅ ከቆየ ያንኑ ቃኚ መልሰሽ ጥሪ።

ለጊዜው ጎማዎቹን በጣት መዳሰስ፣ የመመለሻው ፈተና፣ የመዳፉ ፈተና፣ ብሎኖቹ፤ ይህንን በዚህ ቅዳሜ አድርጉት። ከዚያ ሦስት ነገር ጻፊልኝ፦ በመመለሻ ጊዜ ወረቀቱ ተፈትልኮ ሄደ ወይስ ተንፏቀቀ? መዳፍሽን ጠባው ወይስ አልጠባውም? የጠፉት ድምፆች ጎን ለጎን ናቸው ወይስ ተበታትነዋል? የወናፉን እጥፋት ፎቶም ጨምሪበት፤ ከዚያ ቀጥሎ ምን እንደሚፈታ አብረን እናያለን።